ትከሻ የናፈቀው ዜማ

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ግቢ ውስጥ፣ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በማትሞላ ክፍል፣ አምስት ሰዎች ትንፋሻችንን ውጠን ቆመናል። ግድግዳው ቡልኮ ለብሷል። የጋሞን ደጋ ብርድ እንዲመክት የተሸመነው ወፍራም ቡልኮ ወደ ቆላ ወርዶ፣ እዚህ አርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ፣ ሥራው ድምፅ መዋጥ ሆኗል። በሩ ላይ የስፖንጅ ፍራሽ በምስማር ተመቷል። ቬንትሌተሩ ማይኩን እንዳይረብሽ ጠፍቷል፤ መስኮቱ የባጃጅ ድምፅ እንዳያስገባ ተዘግቷል። ላባችን በጀርባችን ይወርዳል፤ ለመጥረግ እንኳ የሚንቀሳቀስ የለም።

አጎቴ ከዶርዜ የወረዱት ጠዋት ነው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸማኔ ናቸው። ዘፋኝ ብዬ ባስተዋውቃቸው ደስ አይላቸውም፤ በእሳቸው አገር ዘፈን የሁሉም ሰው ነውና። የዚህች ክፍል ባለቤትና አቀናባሪ የሆነው የአክስቴ ልጅ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አስተካከለላቸው፣ ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጋ፣ ከዚያም ላፕቶፑ ላይ ቀዩን ምልክት ነካ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ክሊኩ፣ የምት ቆጣሪው ድምፅ፣ ከማዳመጫው ሾልኮ ለእኛም በስሱ ይሰማል። አራት ተቆጠረ። ስምንት። አሥራ ስድስት። አጎቴ ዝም አሉ።

«አባባ፣ ይጀምሩ እንጂ» አለ በለሆሳስ።

«እሺ» አሉ። እንደገና ተቆጠረ። አሁንም ዝም።

በሦስተኛው ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው አወለቁና እያንዳንዳችንን ተራ በተራ አዩን። «ማነው የሚቀበለኝ?» አሉ።

ዕቅዳችን ቀላል ይመስል ነበር። ለመስቀል በዓላችን፣ ለመስቀላ፣ የሚደርስ አንድ ዘፈን ከነክሊፑ በየቤታችን ሆነን መሥራት። አጎቴ ያወጣሉ፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔ ዘመዶቻችን ይቀበላሉ፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ የላይኛውን ድምፅ ትይዛለች፤ ኪቦርዱና ቤዙ ሲቀላ ላይ ይገባሉ። ሁሉም ባለበት ሆኖ ራሱን ይቀርጻል፣ በቴሌግራም ይልካል፣ የአክስቴ ልጅ ይገጣጥመዋል። ዓለም ከጀመረው የቆየ መንገድ ነው። ያላሰብነው ነገር አንድ ነበር፤ የመረጥነውን ዘፈን ብቻውን ዘፍኖት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አብዛኛው የአገራችን ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው። ተቀባዩ መቶ ሰው ቢሆንም የሚመልሰው አንድ ዜማ ነው። ጋሞ ደጋ ላይ፣ በተለይም በዶርዜ፣ ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሳይጨርስ ከሥሩ ገብቶ ይቆርጠዋል። ሌላ ወገን ዝቅ ያለ ድምፅ ይዞ እንደ ምሰሶ ይቆማል። ከላይ ደግሞ አጫጭርና ከፍ ያሉ ድምፆች በየክፍተቱ ይወረወራሉ። የተለያዩ ዜማዎች በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ እንጂ ሁሉም አንድ ዜማ አይዘፍንም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ብቻ ለይቶ ቢዘፍነው ቁርጥራጭ ነው፤ ሲገናኙ ግን ማንም ለብቻው ያልዘፈነው አንድ ትልቅ ድምፅ ይወጣል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶርዜ ድረስ መጥቶ ይህን አዘፋፈን ቀርጾ በሸክላ አሳትሞታል። ያንን ቅጂ የሰማ ሰው የሚያስታውሰው የትኛውንም ነጠላ ድምፅ አይደለም፤ የሰዎቹን ብዛትና መቀራረብ ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ፣ ጊዶሌ ላይ፣ ደራሼዎች በፊላ ያንኑ ሐሳብ እስከ ጫፉ ይወስዱታል። ፊላ የቀርከሃ ዋሽንቶች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ነፊ የያዘው የዜማውን ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወለደው አንዱ ባቆመበት ሌላው ሲነሳ፣ እየዞሩና እየረገጡ ነው። አንድ ሰው ቢጎድል ዜማው ላይ ቀዳዳ ይታያል።

አጎቴ «ማነው የሚቀበለኝ» ሲሉ መድረክ ፈርተው አልነበረም። መግቢያቸው የሚገኘው በሌላው ሰው ትንፋሽ ውስጥ ነው። ከጎናቸው የሚቆመው ሰው ትከሻ ሲነሳ ያውቁታል። ክሊኩ ደግሞ ትከሻ የለውም።

የአክስቴ ልጅ ተስፋ አልቆረጠም። ነገሩን በሚገባቸው መንገድ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ «አባባ፣ ክሊኩ ድር ነው፤ እርስዎ ማግ ይጥሉበታል» አላቸው። አጎቴ አሰብ አደረጉና፣ «ድር የሚዘረጋው በክር ነው ልጄ፤ ይሄ መዶሻ ነው» አሉት።

ያን ሌሊት አንድ ደቂቃ እንኳ ሳንቀርጽ ተኛን።

*

ለምን በቀጥታ በስልክ እየተደማመጣችሁ አትዘፍኑም ያሉን ብዙ ናቸው። ቪዲዮ እየደወልን ሠርግ የምናይበት፣ ለቅሶ የምንደርስበት ዘመን ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ርቀት ላይ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አሥር ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ድምፅ ወደ 29 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰናል። ሙዚቀኞች ሳይቸገሩ አብረው የሚጫወቱት እስከዚህ አካባቢ ባለ መዘግየት ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ እያንዳንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሌላውም እሱን ሲጠብቅ ምቱ እየተጎተተ ይሄዳል። ብርሃን ራሱ በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ አንድ ድምፅ ለመድረስ ወደ 58 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፣ መልሱም ያንኑ ያህል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። ወደብ የሌላት አገራችን መስመር በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ዞሮ ነው ባሕር ውስጥ የሚገባው። በዚያ ላይ የሞባይል ኔትወርኩና ስልኩ ድምፁን አሽጎ ለመፍታት የሚወስደው ጊዜ ይጨመራል። በተግባር አጎቴና ልጃቸው በስልክ አብረው ሲዘፍኑ መቶ ሜትር ገደማ ተራርቀው የቆሙ ያህል ነው። በዚያ ርቀት መጠራራት ይቻላል፤ የደጋ ሰው ከሸለቆ ሸለቆ ይጠራራል። አንዱ የሌላውን ቃል እየቆረጠ መዝፈን ግን አይቻልም።

ስለዚህ በሩቅ አብሮ የሚሠራ ሙዚቃ ሁሉ አንድ ብልሃት ላይ ይቆማል፤ አብረው እንደዘፈኑ እንዲሰማ ሁሉም በየተራ ይዘፍናል። አንዱ መሪ ቅጂ ያዘጋጃል፣ ሌላው እሱን እየሰማ በላዩ ይደርባል፣ ሦስተኛው በሁለቱ ላይ ይጨምራል። «ፕሌይንግ ፎር ቼንጅ» የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 በየአገሩ ጎዳና ላይ የሚዘፍኑ ሰዎችን በአንድ ዘፈን ያገናኘው እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው የመዘምራን ዜማ ደራሲ ኤሪክ ዊታከር እ.ኤ.አ. በ2010 በ12 አገሮች የሚኖሩ 185 ሰዎች በየቤታቸው የቀረጹትን ድምፅ ገጣጥሞ አንድ መዘምራን አድርጎ አሳይቷል። እሱ ራሱ ካሜራ ፊት ቆሞ ዝምታውን በእጁ መርቶ ነበር፤ ዘማሪዎቹ እጁን እያዩ ነው የተነፈሱት። ይህችን ዝርዝር አጎቴ ከተናገሩት ጋር ሳገናኛት ነው ትርጉሟ የገባኝ።

ኢትዮጵያዊም ብቻውን ሆኖ ባንድ መሆንን ከጀመረ ቆይቷል። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የከበሮ ማሽኑን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ አንድ ሙሉ ካሴት ብቻውን ሠርቷል። ለብዙ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አወቀው። ያንን ሥራ በሰማሁ ቁጥር ከውበቱ ሥር የቀሩት ጓዶቹ ቦታ ይሰማኛል። ከእሱ ትውልድ በኋላ የመጡት ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ አዲስ አበባ ላይ በኮምፒውተር የሠሩትን በዋሽንግተኑ «1432 አር» አሳታሚ በኩል ለዓለም አድርሰዋል። ፋይሉ አትላንቲክን ሲሻገር ሰዎቹ ያሉበት ነበሩ።

ከዚያ 2012 ዓ.ም. መጣ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አገራችን ውስጥ ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሠርግ ቆመ፣ የባህል ምሽት ቤቶች ተዘጉ፣ መዘምራን ከየቤታቸው መዘመር ጀመሩ። አርባ ምንጭ ውስጥ ዛሬ ቤት ስቱዲዮ ያላቸው ወጣቶች ብዙዎቹ የኪቦርድ ጣታቸውን የፈቱት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው፤ የአክስቴ ልጅም እንደዚያው። በዚያ ዓመት ስምንት ዘማሪዎችን ከየቤታቸው ቀርጾ ገጣጠመ፤ ትምህርቱ ከዚያ ጀመረ። ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። አገሩ በሐዘንና በደም ተዋጠ፤ ኢንተርኔትም ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋረጠ። የአክስቴ ልጅ ግማሹ የደረሰ፣ ግማሹ በሰዎች ስልክ ላይ የቀረ መዝሙር ይዞ ቀረ። ያልመጡትን ድምፆች በፍላሽ እየዞረ ሰበሰባቸው፤ ከሴቻ፣ ከላንቴ፣ አንዱን ደግሞ ከጨንቻ በሹፌር እጅ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ሰው ቅጂ በሁለት ቦታ ሳያስቀምጥ አይተኛም።

*

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ አሠራሩን ትንሽ ልዘርዝር።

መሪ ቅጂው ለሁሉም ከተላከ በኋላ ዘፋኙ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ በአንዱ ይሰማል፣ በሌላው ይቀርጻል። ሁለት ስልክ ካለ ይበቃል። የመጀመሪያው ደንብ ማዳመጫው ባለ ገመድ ይሁን የሚል ነው። የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን አሽጎ ልኮ እስኪፈታ ድረስ ብዙ ጊዜ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያዘገያል፤ ዘፋኙ በትክክል የዘፈነ ይመስለዋል፣ ቅጂው ግን ኋላ ቀርቶ ይመጣል። ሁለተኛው፣ ከመጀመርህ በፊት አንድ ጊዜ ካሜራው ፊት አጨብጭብ፣ ስትጨርስም ድገም። ጭብጨባው በምስል እጅ ሲገናኝ፣ በድምፅ ደግሞ እንደ እሾህ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ አቀናባሪው ሁሉንም በዚያ ያስተካክላል። የመጨረሻው ጭብጨባ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ የሁለት ስልኮች ሰዓት እኩል ስለማይሄድ ነው። ስልክ የሚቀርጸው ቪዲዮም የምስሉ ፍጥነት ከፍና ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረው ከንፈር በአምስተኛው ደቂቃ ከድምፁ ተለይቶ ይገኛል። ሦስተኛው፣ በቴሌግራም ስትልክ እንደ ቪዲዮ አትላክ፣ እንደ ፋይል ላክ፤ አለበለዚያ መተግበሪያው ጨምቆ ጥራቱን ይገድለዋል። ፋይሉ ይከብዳል፤ ስለዚህ በሌሊት ፓኬጅ ይላካል። ጋሞ ውስጥ ስንት ዘፈን በሌሊት እንደተጓዘ ሌሊቱ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ብናሟላም የአጎቴ ጥያቄ አልተመለሰም ነበር። የአክስቴ ልጅ ለሁለት ሳምንት አኩርፎ ከረመ። ሳምፕል ፈልጎ በኪቦርድ ሊሠራው ሞከረ፤ ሰማነው፣ ዝም አልን። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን፣ ሳውንድ ካርዱንና ሁለት ማይክ በቦርሳ ይዞ፣ እኔንም አስከትሎ ወደ ዶርዜ ወጣ።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሙዙና ማንጎው ከኋላ ይቀራል፤ አባያ ቀይ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆነው በእግዜር ድልድይ ተለያይተው ከታች ይታያሉ። ጥምዝምዙ እየበዛ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ቀርከሃና እንሰት ይመጣል። አጎቴ ግቢ ስንደርስ እሳቸውን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቁን። ልብስ ቀይረው ድንጉዛ ይልበሱ እንዴ ብለን ጠየቅን፤ አጎቴ «ሥራ ላይ ነን» አሉ። ባሉበት እንዲሆኑ ተውናቸው። በዚህ አሁንም ደስ ይለኛል። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው ድንጉዛ በየክሊፑ፣ ማንም ምንም ቢዘፍን፣ «ደቡብ» ለማለት ሲለበስ ኖሯል። ሸማኔው የዕለት ልብሱን ለብሶ ሲዘፍን ማየት ነው የጎደለን።

የአክስቴ ልጅ ስድስቱን በግማሽ ክብ አቆማቸው፤ አቆማቸው ከምል ራሳቸው ቆሙ፣ እሱ ማይኮቹን መሀል ተከለ። ማዳመጫ የለም። ክሊክ የለም። ለእያንዳንዱ ሰው ማይክም የለም። ሎርታ-ዣኮብም ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ያደረገው ከዚህ ብዙ የተለየ አይመስለኝም። አጎቴ ከጎናቸው ያለውን ሰው አላዩትም። ትንሽ ዘንበል ብለው ትከሻቸው ትከሻውን ነካ። ከዚያ አወጡ። ሁለተኛው ሰው ቃሉን ከአፋቸው ላይ ቆረጠው፤ ሌሎቹ ከሥር ገቡ፤ ከማጀት በኩል አንዲት አሮጊት ሳትጠራ ከፍ ያለ ድምፅ ወረወረች። ቅጂው ውስጥ አለች። ማንም አላስወጣትም።

ሲጨርሱ ሰባት ደቂቃ ሆኖ ነበር፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው በግልጽ ፈጥኗል። ለፕሮግራሙ ይህ ጥፋት ነው፤ በፍርግርጉ ላይ ምት ሁሉ እኩል ርቀት ይፈልጋልና። የአክስቴ ልጅ ወደ ሲቀላ ተመልሶ ለሁለት ሌሊት ያደረገውን ነው የማደንቀው። ዘፈኑን እየሰማ በእያንዳንዱ ምት ላይ ጣቱን መታ፤ ፍርግርጉ ሰዎቹን ተከትሎ እንዲጠብና እንዲሰፋ አደረገው። ከዚያ በኋላ ኪቦርዱም ቤዙም የስድስቱን ሰዎች ፍጥነት ተከትለው ገቡ። ሥራው አድካሚ ነው፤ ብዙ አቀናባሪ ተቃራኒውን ይመርጣል፣ ዘፈኑን ጎትቶ ለማሽኑ ልክ ያደርገዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የማንን ሰዓት እናከብራለን የሚል ነው ባይ ነኝ። እዚህ ላይ ገለልተኛ አይደለሁም፤ በማሽን ምት የተቆጠረ የዶርዜ ዘፈን ሰምቻለሁ፣ ሬሳ ነው።

ድሩ አሁን በክር ተዘረጋ። የሩቆቹ ማግ መጣል ቻሉ።

*

ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ ሥር። ከጋሞ ደጋ የወጡ ሸማኔዎች ትውልድ ተሻግረው የኖሩበት ሰፈር ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ለበዓል የሚለብሰው ጥበብ ብዙው በእነሱ እጅ ያልፋል። ዘመዶቻችን የሚሠሩበት ቤት ውስጥ አምስት የሸማ ጉድጓድ አለ። መሪ ቅጂውን በድምፅ ማጉያ ሳይሆን በአንድ ማዳመጫ ሰማን፤ አንደኛው ሰው ብቻ ጆሮው ላይ አደረገ፣ ሌሎቹ አራቱ እሱን እያዩ ዘፈኑ። ይህ የእኛ ፈጠራ አልነበረም፤ ማዳመጫ አንድ ብቻ ስለነበረን ነው። ግን ሠራ። ሰውየው በትከሻው ከዶርዜ የሰማውን ለአራቱ አቀበላቸው። አንድ ልጅ ሥራ አላቆመም ነበር፤ መወርወሪያው ሲያልፍና መምቻው ሲመታ ተሰማ። የአክስቴ ልጅ ያንን ድምፅ የዘፈኑ ከበሮ አድርጎ አስቀረው።

ክሊፑ ላይ ይህን ሁሉ እንዳለ ለማሳየት ተስማማን። ካሊፎርኒያውያኑ ሙዚቀኞች ፖምፕላሙስ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቀደም ብለው ለቤት ሙዚቃ ቪዲዮ ያወጡት ደንብ አለ፤ የሚታየው ሁሉ ድምፁ በተቀረጸበት ቅጽበት የተቀረጸ ይሁን፣ የሚሰማውም ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይታይ የሚል ነው። ከንፈር እያንቀሳቀሱ ማስመሰል የለም። ለእኛ አገር ክሊፕ፣ ሐይቅ ዳር ቆሞ በስቱዲዮ ድምፅ ለሚያስመስልበት ልማድ፣ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። የአሮጊቷ ድምፅ ስለሚሰማ አሮጊቷም መታየት ነበረባት፤ ካሜራው ግን አልያዛትም። የአክስቴ ልጅ የማጀቱን በር ብቻ አሳየ። አንዳንዴ በሩ በቂ ነው።

ስለ ገንዘብና ስለ ስም ያወራነው ከመቅረጻችን በፊት ነው፤ ይህ እንዲሆን አጥብቄ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከገጠር የተቀዳ የአዛውንት ድምፅ ያለ ስም በሰው ዘፈን ውስጥ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ «የባህል ነው» ይባላል። ዜማው የሁሉ ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን የዘፈነው ጉሮሮ ግን የአንድ ሰው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝም መብት ይሰጣል፤ ኋላ በአዋጅ 872/2007 ተሻሽሏል። እኛ ቀርጸን ስንጨርስ አንድ ወረቀት ላይ የስድስቱን፣ የአምስቱን፣ የአሮጊቷን፣ የልጁን ስም ጻፍን፤ ድርሻቸውንም ከጎኑ። የገቢው ነገር ትንሽ ነው፤ ወረቀቱ ትንሽ አይደለም።

*

የመጨረሻው ድምፅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአጎቴ ልጅ የሌሊት ሠራተኛ ናት፤ ሰዓቷ ያን ጊዜ ከእኛ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነበር። እሷ ከሥራ ስትገባ እዚህ ከሰዓት በኋላ ነው። ልብስ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ገብታ፣ በካፖርቶቿ መካከል ቆማ ቀረጸች፤ ልብስ እንደ ቡልኮ ድምፅ ስለሚውጥ። የመጀመሪያው ቅጂ ሁሉም ቦታ ላይ እኩል ዘግይቶ መጣ። ብሉቱዝ ነበር። ባለ ገመድ ገዝታ ደገመችው፤ አሁን ልክ ሆነ።

ከአንድ ቦታ በቀር።

አጎቴ ብቻቸውን ከፍ አድርገው ካወጡ በኋላ እሷ ከላይ የምትገባበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ዘግይታለች። በድምፁ ሥዕል ላይ ሲታይ ክፍተቱ አንድ ምት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የአክስቴ ልጅ መዳፊቱን ያዘ፤ ቁራጩን ጎትቶ ቦታዋ ላይ ማስቀመጥ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። ያን ዕለት አጎቴ ለሌላ ጉዳይ ወርደው ከእኛ ጋር ነበሩ። በድምፅ ማጉያው አሰማናቸው።

ልጃቸው ከሄደች ስምንት ዓመት ሆኗታል። በስልክ ያወራሉ፤ ስትዘፍን ግን ከሄደች ወዲህ አልሰሟትም። ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙ። ያች ቦታ ስትደርስ፣ በክፍተቱ ውስጥ፣ ማይኩ በጣም ቅርብ ስለነበር ትንፋሿ ይሰማል። ስባ፣ ይዛው ቆየች፣ ከዚያ ገባች።

«ልጎትታት እኮ እችላለሁ፣ አባባ» አለ የአክስቴ ልጅ።

«አትንካት» አሉ አጎቴ። «እኛ ነን የቸኮልነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማይኮቹ እንደገና ወደ ደጋ ወጡ። ከስድስቱ ሰዎች አምስቱ ነበሩ፤ አንዱ ገበያ ሄዶ እስኪመጣ ተጠበቀ። አጎቴ ማዳመጫውን በራሳቸው እጅ ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ የልጃቸው ድምፅ ለእሳቸው ብቻ ይሰማል፣ ሌሎቹ እሳቸውን ያያሉ። ያንኑ ቦታ ደግመው ዘፈኑት። አጎቴ አወጡ፣ ከፍ አደረጉ፣ ለቀቁት። ከዚያ እጃቸው ከጎናቸው በቆመው ሰው ክንድ ላይ አረፈ። ሌሎቹ አምስቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ።

ከማዳመጫው ገባች። እጃቸውን አነሱ።